ቧንቧው ደህና፣ ሪፖርቱ ጎዶሎ፦ አያት ጣፎ ላይ የተሠራ የጋዝ ዝርጋታና የአደጋ ግምገማ

በሪፖርቱ 9ኛ ገጽ ላይ አንድ ክብ ተስሏል። መሃሉ ላይ የአፓርታማው የጋዝ ቧንቧ አለ፤ ከመሃል እስከ ዳር 1.9 ሜትር ነው። ከሥሩ ከዚህ ክልል ውጪ ያሉ ቤቶች በፍንዳታ እንደማይጎዱ ተጽፏል። የጎረቤት አጥር ከቧንቧው 2.5 ሜትር ስለሚርቅ፣ በሪፖርቱ አቆጣጠር ጎረቤት ከአደጋ ነፃ ሆኗል ማለት ነው። ይህ ከባድ ስህተት ነው፤ ሰው ሊያስገድል ይችላል።

ይህ የእኛ ምዘና ከአያት ወደ ጣፎ በሚወስደው መንገድ አካባቢ 24 አባወራ በሚኖርበት ባለ 8 ፎቅ አፓርታማ ላይ ስለተሠራ ሥራ ነው። ሥራውን የሠራው ድርጅት ሁለት ነገር ሸጧል፤ ማዕከላዊ የጋዝ ዝርጋታ፣ እና ለብቻው የተከፈለበት የአደጋ ግምገማ ሪፖርት። ለዝርጋታው ከ10 8 እንሰጣለን። ለሪፖርቱ 3፤ እሱም ስዕሎቹ ንጹሕ ስለሆኑና የቫልቮቹ ቦታ በትክክል ስለተመዘገበ ነው።

መጀመሪያ ክቡ ከየት እንደመጣ። ቀመሩ በአሜሪካ ለከፍተኛ ግፊት የተፈጥሮ ጋዝ ማስተላለፊያ መስመሮች የሚያገለግል ነው። የቧንቧው ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ይወሰዳል፣ በግፊቱ ስኩዌር ሩት (ግፊቱ በባር) ይባዛል፣ ውጤቱ በ0.0315 ይባዛል፤ የሚገኘው ርቀት በሜትር ነው። 300 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በ50 ባር ቢሆን 67 ሜትር ይመጣል። በቦታው ሲገባ ጥሩ ቀመር ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 2010 ካሊፎርኒያ ሳን ብሩኖ ላይ የፈነዳው መስመር 762 ሚሊ ሜትር ሲሆን የተፈቀደለት ግፊት 27 ባር ተኩል ገደማ ነበር፤ ቀመሩ 126 ሜትር ይሰጣል። በዚያ አደጋ 8 ሰው ሞቷል፣ 38 ቤት ወድሟል፤ ጋዙን ለመዝጋትም 95 ደቂቃ ፈጅቷል።

ድርጅቱ በዚሁ ቀመር ውስጥ የአፓርታማውን 50 ሚሊ ሜትር ቧንቧና 1.5 ባር ግፊት አስገባ፤ 1.9 ሜትር ወጣለት። ሂሳቡ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው የቀመሩ ምርጫ ነው። ቀመሩ ሦስት ነገር ያስባል፦ ጋዙ ሚቴን ነው፣ ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል፣ የወጣው ጋዝ ወዲያው ተቀጣጥሎ ወደ ላይ እየነደደ ነው። ርቀቱም የሚለካው ሙቀቱ ሰውንና ቤትን እስከየት እንደሚያቃጥል ነው። እኛ ቤት የሚመጣው ቡታጋዝ ግን የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ነው፤ ከአየር ከ1.5 እስከ 2 ጊዜ ይከብዳል። ሚቴን ከአየር ስለሚቀል ወጥቶ ይበተናል። ቡታጋዝ ይወርዳል፣ እንደ ውሃ ተዳፋት ይከተላል፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ይተኛል። ሳይቀጣጠል ተጉዞ ሌላ ሰው ምድጃ አጠገብ ሊደርስ ይችላል፤ ይህን ደግሞ ቀመሩ ከነጭራሹ አያውቀውም።

ታይዋን ካኦሲዩንግ ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 የደረሰው ለዚህ ይጠቀሳል። ያፈሰሰው ቧንቧ 4 ኢንች ብቻ ነበር፤ በዝናብ ውሃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ያልፍ ስለነበር እርጥበት በልቶታል። የወጣው ፕሮፒሊን ከአየር ስለሚከብድ በቦዮቹ ውስጥ ለውስጥ ሄደ፤ ሲቀጣጠል በኪሎ ሜትር የሚቆጠር መንገድ ተገነጠለ፣ 32 ሰው ሞተ። የቧንቧውን ቅጥነት ብቻ አይቶ ክብ የሚስል ሰው ይህን አደጋ ሊያየው አይችልም ነበር።

ወደ አያት ጣፎው ግቢ እንመለስ። ሲሊንደሮቹ የቆሙት ከሕንፃው ጀርባ፣ በብረት ፍርግርግ በታጠረ ክፍል ውስጥ ነው፤ 6ቱ ሥራ ላይ፣ 6ቱ ተጠባባቂ። ከኋላቸው የብሎኬት አጥር አለ። አጥሩ እግር ላይ፣ ለዝናብ ውሃ መውጫ የተተወ መዳፍ የሚያክል ቀዳዳ ይታያል። ከቅርቡ ሲሊንደር ቫልቭ እስከ ቀዳዳው 2.20 ሜትር ነው። ወለሉ ክረምት ላይ ውሃ እንዳይተኛ ተብሎ ወደዚያው እንዲያዘነብል ተደርጓል። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት ግቢ በ1.40 ሜትር ዝቅ ይላል፤ ቀዳዳው የሚያፈሰው በአጥሩና በሰርቪስ ቤቶቹ መካከል ባለ አንድ ክንድ ተኩል በማይሞላ መተላለፊያ ላይ ነው። የመጨረሻዋ ክፍል ማዕድ ቤት ነች። የከሰል ምድጃ አለ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ፣ እንጀራ የሚጋገረው ጠዋት ነው። የማዕድ ቤቷ ጥላሸት በአጥሩ ላይ ተለጥፎ እስከ ቀዳዳው አፍ ደርሷል። ጭሱ እስከዚያ መምጣቱ በቀዳዳውና በማዕድ ቤቷ መካከል መንገዱ ክፍት መሆኑን ያሳያል፤ ከዚያ የሚወርደው ጋዝም ወደ እሳቱ ሊሄድ ይችላል።

ሪፖርቱ 14 ገጽ ሆኖ ስለዚህ ቀዳዳ አንድ ቃል አላነሳም።

መጠኑን እናስላው። ማዕድ ቤቷ 2.5 በ3 ሜትር ናት። ቡታጋዝ አየር ውስጥ 2 በመቶ አካባቢ ሲደርስ መቀጣጠል ይጀምራል፤ ከ9 ወይም 10 በመቶ በላይ ከሆነ ደግሞ አየር ስለሚያንሰው አይነድም። ከባድ ስለሆነ ክፍሉን እስከ ኮርኒስ መሙላት አያስፈልገውም። ወለሉ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ንጣፍ 2.25 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ የዚህ 2 በመቶ በአዲስ አበባ የአየር ግፊት ሲመዘን ከ80 ግራም በታች ነው። አንድ መደበኛ 12.5 ኪሎ ሲሊንደር ውስጥ ከ150 ጊዜ በላይ ይገኛል። አሁን ፍሳሹን እንየው። ከሬጉላተሩ (ግፊት ከሚቀንሰው መሣሪያ) በፊት፣ ሲሊንደሩን ከመሰብሰቢያው (የሲሊንደሮቹ ጋዝ ከሚገናኝበት ቧንቧ) ጋር በሚያገናኘው ጎማ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ቢፈጠርና ውስጡ ያለው ግፊት 4 ባር ገደማ ቢሆን በሰዓት 12 ኪሎ፣ በደቂቃ 200 ግራም ይወጣል። ከዚህ አንድ አሥረኛው ብቻ ማዕድ ቤቷ ውስጥ ቢገባ 4 ደቂቃ ይበቃል።

ያው 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ 1.5 ባር በሚሄድበት መስመር ላይ ቢሆን በሰዓት 5.5 ኪሎ አካባቢ፣ ከፎቅ ሬጉላተር በኋላ በ30 ሚሊባር (0.03 ባር) ደግሞ 1 ኪሎ እንኳ የማይሞላ ነው። ስለዚህ በዚህ ዝርጋታ ውስጥ ትልቁ አደጋ ያለው ሪፖርቱ ክብ በሳለበት ቧንቧ ላይ ሳይሆን ሲሊንደር ቤቱ ውስጥ ነው። ሲሊንደር በጎኑ ወድቆ ጋዙ በፈሳሽነቱ መውጣት ከጀመረ ደግሞ በዚያው ቀዳዳ በሰዓት ከ100 ኪሎ በላይ ይሄዳል፤ ፈሳሹ ሲተን መጠኑ 250 ጊዜ ገደማ ያድጋል። ሲሊንደሮቹ በሰንሰለት መታሰራቸው ለዚህ ነው፤ ይህን ድርጅቱ በደንብ ሠርቶታል።

ጋዝ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ሲሊንደር ሲቀየር ነው። ያን ሥራ የሚሠራው ደግሞ የግቢው ጥበቃ እንጂ ቴክኒሻን አይደለም። የእነዚህ ሲሊንደሮች ማያያዣ ክሩ ግራ ነው፤ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል። ይህን የማያውቅ ሰው እየፈታ ያጠበቀ ይመስለዋል፤ ወይም በረጅም ቁልፍ ጎትቶ የነሐስ መቀመጫውን ያበላሸዋል። ከእያንዳንዱ ቅየራ በኋላ በሳሙና አረፋ መፈተሽና አረፋ ከወጣ ቫልቩን ዘግቶ እንደገና ማሰር ያስፈልጋል። ድርጅቱ ለጥበቃዎቹ የሰጠው ማብራሪያ የአንድ ቀን ሲሆን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ መመሪያ የለም። ጥበቃ ይቀያየራል፤ የሰማው ሰው ሲሄድ ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል።

ጋዙ ማዕድ ቤቷ ውስጥ ተቀጣጠለ እንበል፤ ቤቱ ምን ይሆናል? መስታወት 0.02 ወይም 0.03 ባር ላይ ይረግፋል። 0.07 ባር ላይ ተራ ቤት መኖሪያ መሆኑ ያበቃል። ብረት ያልገባበት የብሎኬት ግድግዳ ከ0.14 እስከ 0.2 ባር ላይ ይፈርሳል። በዝግ ክፍል ውስጥ የተመጣጠነ የጋዝና የአየር ድብልቅ ሲፈነዳ በባሕር ወለል ላይ 8 ባር አካባቢ ሊደርስ ይችላል፤ የአዲስ አበባ አየር በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ቢቀንስም ከብሎኬቱ አቅም ጋር የሚነጻጸር አይደለም። በፍንዳታ ጊዜ ትልቅ መስኮት ይረዳል፤ መስታወቱ ቀድሞ ሲሄድ ግፊቱ ይተነፍሳል። የሰርቪስ ማዕድ ቤቶች ግን መስኮታቸው ጠባብ፣ በራቸው ላሜራ ነው፤ የሚተነፍሰው ግድግዳው ራሱ ነው፣ ጣሪያውም አብሮ ይወርዳል። አፓርታማው በአርማታ ምሰሶና ቢም ስለቆመ ክፍል ቢፈነዳ ብሎኬቱ ይወጣል እንጂ አጥንቱ የመቆም ዕድል አለው። ለንደን ላይ እ.ኤ.አ. በ1968 ሮናን ፖይንት የተባለው ባለ 22 ፎቅ ሕንፃ በ18ኛው ፎቅ በተነሳ የጋዝ ፍንዳታ አንድ ማዕዘኑ ከላይ እስከ ታች የተናደው ምሰሶ የሌለው፣ ግድግዳ በግድግዳ ላይ የተደረደረ ግንባታ ስለነበር ነው። ስለዚህ እዚህ ይበልጥ ተጋላጭ የሆነው ባለ 8 ፎቁ ሳይሆን አጠገቡ ያለው ዝቅተኛ ቤት ነው። ሪፖርቱ ገጾቹን የጨረሰው ስለ ባለ 8 ፎቁ ነው።

ዝርጋታው 8 ያገኘበትን ምክንያት እንናገር፤ ይገባዋልና። ቧንቧው ስፌት የሌለው ብረት ነው፤ መጋጠሚያዎቹ በብየዳ ተሠርተዋል። ብዙ ቦታ የውሃ ጋልቫናይዝድ ቧንቧ በክር እየተጋጠመ ጋዝ ሲሄድበት ይታያል፤ ክሩ ላይ የሚጠመጠመው ቃጫ ውሃ ሲነካው ያብጣል እንጂ ጋዝ ሲያልፍበት እየደረቀ ይሸሻል፣ ከዓመት በኋላ ያፈሳል። እዚህ ክር ያለው ቫልቭና ሬጉላተር ላይ ብቻ ነው፣ ለጋዝ የተፈቀደ ማሸጊያም ተደርጎበታል። ቧንቧው ሶሌታ በሚያልፍበት ሁሉ ሰፋ ባለ ቱቦ ውስጥ ገብቷል፤ ሕንፃው ሲሰጥም ወይም ሲንቀሳቀስ አርማታው ቧንቧውን አይቆነጥጠውም። ቧንቧው ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚወጣበት ሻፍት ከላይም ከታችም ክፍት ነው። ቢጫው ቀለም ጥሩ ተቀብቷል። ምድጃ ጋ ያለው ጎማም ለጋዝ የተሠራ ነው፤ ተራ የውሃ ጎማ በቡታጋዝ እየለሰለሰና እየተሰነጠቀ ይሄዳል።

የየፎቁ ሬጉላተር ግፊት ከልክ ሲያልፍ ራሱ የሚዘጋ ዓይነት መሆኑ ትልቅ ነጥብ ነው። ዋጋው ከተራው ይበልጣል፣ ለዚህም ነው ብዙዎች የሚዘሉት። አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሜሪማክ ቫሊ ላይ እ.ኤ.አ. መስከረም 13 ቀን 2018 ዝቅተኛ ግፊት በሚሄድበት መረብ ውስጥ ከፍተኛ ግፊት ገብቶ ከ100 በላይ ቤቶችና ሕንፃዎች ተጎድተዋል፤ ቤቶቹ ጋ የሚገባውን ግፊት የሚያቋርጥ ነገር አልነበረም።

የግፊት ሙከራው ላይ አንድ ነጥብ ቀንሰናል። መስመሩ በናይትሮጅን 2.25 ባር ተሞልቶ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ቆይቶ «አልወረደም» ተብሎ ተፈርሟል። ጠዋትና ቀትር ላይ በአያት የሙቀቱ ልዩነት 10 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። በዚህ ግፊት አንድ ዲግሪ ለውጥ 10 ሚሊባር ያህል ያንቀሳቅሳል፤ 10 ዲግሪ 100 ሚሊባር። ስለዚህ ቧንቧው ሲሞቅ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) መውጣት ሲገባው ባለበት መቆሙ ራሱ የፍሳሽ ምልክት ሊሆን ይችላል። የቧንቧው ሙቀት ከግፊቱ ጋር መመዝገብ ነበረበት፤ ካልሆነ በደመናማ ቀን ወይም ከምሽት በኋላ መሞከር። የአፓርታማ ነዋሪዎች ኮሚቴዎች ፊርማ ከማኖራቸው በፊት የሙቀት ዓምድ ያለበት የሙከራ ቅጽ ይጠይቁ። ሙከራው በኦክስጅን እንዳይሆን ደግሞ አጥብቀው ይከልክሉ፤ በብየዳ ቤት በቅርብ የሚገኘው እሱ ስለሆነ የሚሞክር ይኖራል፣ ከዘይት ወይም ከቅባት ጋር ሲገናኝ ግን ራሱ ይፈነዳል።

ሁለተኛው የተቀነሰ ነጥብ የጋዝ ጠቋሚዎቹ ነው። በ24ቱም ወጥ ቤቶች ጠቋሚው ከኮርኒስ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል። ያ ቦታ ለሚቴን ነው። ለቡታጋዝ ከወለል ከ30 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ላይ የተሰቀለው የሚጮኸው ወለሉ ላይ ያለው ጋዝ ከፈነዳ በኋላ ሊሆን ይችላል። ማስተካከያው ቀላል ነው፤ ሽቦ ማርዘምና ጠቋሚውን ማውረድ፣ ከምድጃው ግን ቢያንስ አንድ ሜትር ማራቅ። የጠቋሚው ልብ የሆነው ሴንሰር በአብዛኛው 5 ዓመት ነው የሚያገለግለው፤ የተተከለበት ቀን በላዩ ይጻፍበት።

መብራትም አለ። ጠቋሚው ጋዝ ሲያሸት የሚዘጋው ቫልቭ መብራት ሲጠፋም ይዘጋል፤ ደህንነቱ የተሠራው እንዲያ ነው። አያትና ጣፎ መብራት ሲሄድ 24 ቤት ምሳ ሳያበስል ሲቀር አንድ ሰው ቫልቩን በመፍቻ አስሮ ክፍት ያደርገዋል፤ ከዚያ ወዲያ ጠቋሚው ቢጮህም የሚዘጋ ነገር የለም። ድርጅቱ ለቫልቩ ባትሪ ቢያስገባ ኖሮ ይህ ፈተና አይመጣም ነበር፤ ትንሽ ዩ.ፒ.ኤስ. (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያሠራ መሣሪያ) ይበቃል።

ሌላው የበዓል ጉዳይ ነው። ቧንቧና ሬጉላተር የሚመረጠው 24 ቤት አንድ ላይ አያበስልም ተብሎ ነው፤ በአዘቦት ቀን እውነት ነው። የፋሲካ ዋዜማ ሌሊት ግን በሁሉም ቤት ዶሮው፣ ሽንኩርቱ፣ ቅቤው በአንድ ጊዜ ነው፤ ሁሉም ምድጃ ይነዳል። ሲሊንደሮቹም በሌሊቱ ብርድ ቶሎ አይተኑም፤ ገላቸው ላይ ውርጭ ይሠራል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ዝቅ ተደርጎ የተለኮሰ ምድጃ ይጠፋል፤ ግፊቱ ሲመለስ ጋዙ ያለ እሳት ይወጣል። ለዚህ መድኃኒቱ እሳት ሲጠፋ ጋዝ የሚዘጋ ምድጃ ነው፤ ከማቃጠያው አጠገብ ጣት የምታህል የብረት ጫፍ ካለችው ነው። ይህ የሌለው ምድጃ ማዕከላዊ መስመር ላይ ባይገባ ይሻላል። ከበዓል በፊት ደግሞ ተጠባባቂዎቹ 6 ሲሊንደሮች ሙሉ መሆናቸውን ማየት።

ሪፖርቱ በደንብ ቢሠራ ኖሮ የሚጀምረው ከግቢው ውጪ ነበር። ከሲሊንደር ቤቱ ተነስቶ ውሃ አፍስሶ የት እንደሚሄድ ማየት፤ አንድ ባልዲ ይበቃል። በ15 ሜትር ዙሪያ ዝቅ ያለ ቦታ፣ ማንሆል፣ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ መስኮትና እሳት ያለበት ክፍል ሁሉ መመዝገብ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ፍሳሽ ሊፈጠርበት ለሚችል ነጥብ (ጎማ፣ ሬጉላተር፣ ቫልቭ፣ የሻፍት መስመር) በደቂቃ ስንት ግራም እንደሚወጣ፣ ወዴት እንደሚወርድ፣ ማን ሊዘጋው እንደሚችልና በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ መጻፍ። የቀኑን ሰዓትም ማሰብ፤ ነፋስ በሌለበት ማለዳ ጋዝ አይበተንም፣ ያ ደግሞ ምጣዱ የሚሞቅበት ሰዓት ነው። የጎረቤት ግቢ ውስጥ ገብቶ ባለቤቱን አስፈቅዶ ማየት የግድ ነው። እዚህ ይህ አልተደረገም፤ ሰርቪስ ቤቶቹ በስዕሉ ላይ ባዶ ቦታ ሆነው ነው የቀሩት።

የአፓርታማው ነዋሪዎች ኮሚቴ አሁን ከድርጅቱ ጋር በሚያደርገው ንግግር የመጨረሻውን ክፍያ ይዞ አራት ነገር ሊጠይቅ ይገባል ብለን እናምናለን። ቀዳዳው በብሎኬትና በሲሚንቶ ይደፈንና የዝናብ ውሃው ወደ መንገድ በኩል ይዙር፤ ካልተቻለ ውሃ ይዞ የሚቀር ወጥመድ ያለው መውጫ ይሠራ፣ በበጋ ደርቆ ጋዝ እንዳያሳልፍም በየሳምንቱ ውሃ ይጨመርበት። ሲሊንደር ቤቱ ከማንኛውም የፍሳሽ አፍና ከመስኮት እንዲርቅ ወደ ምሥራቁ የግቢ ጥግ ይወሰድ፤ ቦታው ከፍ ያለና ለነፋስ ክፍት ነው። ሲሊንደር የሚያመጣው አይሱዙ ወደ ኋላ ሲመጣ እንዳይነካው ከፊቱ ሁለት የአርማታ ምሰሶ ይቁም። ጠቋሚዎቹ ይውረዱ። የመጀመሪያው ሥራ የግማሽ ቀን ነው፤ ሌሎቹ እስኪያልቁ መጠበቅ የለበትም።

እስከዚያው ሽታ ከተሰማ ማብሪያ ማጥፊያ አይነካ፣ ስልክ ከሽታው ቦታ ርቆ ይደወል፤ የአዲስ አበባ የእሳት አደጋ 939 ነው። ከመደወል በፊት ግን ሲሊንደር ቤቱ ያለው ዋና ቫልቭ፣ መድረስ ከተቻለ፣ ይዘጋ፤ ከአጥሩ ማዶ ላሉትም ምጣዱንና ከሰሉን ትተው ከማዕድ ቤት እንዲወጡ በድምፅ ይነገራቸው። የጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከሚለጠፈው መመሪያ የመጀመሪያው መስመር ይህ ይሁን፤ የጎረቤቶቹም ስልክ ከሥሩ ይጻፍበት።